ሳያፍሩ መፈተሽ

እንቁላል ጆሮዬ ሥር ሳልነቀንቅ ገዝቼ አላውቅም። ቅቤ አሸታለሁ፣ ማር ልሼ ጣዕሙ ምላሴ ላይ እስኪቆይ እጠብቃለሁ፣ በርበሬ መዳፌ ላይ አሽቼ ቀለሙን አያለሁ። ደብረ ማርቆስ ገበያ የሚያውቁኝ ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩኝ «ቶማስ መጣች» ይባባላሉ፤ ካልዳሰስሁ አላምንም ማለታቸው ነው። አልቀየማቸውም። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል ይገኛል ስንጥር ይባላል፤ እኔ ደግሞ ስንጥሩን ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ።

ይህ ጠባይ ለሥራዬ ጠቅሞኛል። ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም ኖሮኝ አያውቅም፤ ከኪቦርዱ እስከ ማተሚያው ሁሉም ሌላ ሰው ቤት ኖሮ የመጣ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከግለሰብ ሲገዛ እንዴት እንደሚታይ ተታልዬም ተጠንቅቄም ተምሬያለሁ። አቧራው ይታያል፤ ጨርሶ የተወለወለ ዕቃ ሲገጥመኝ ለገበያ ታጥቦ ነው ብዬ እፈራለሁ። ይሸተታል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታው ቶሎ አይለቅም። ብሎኑ ይታያል፤ አናቱ የተበላ ከሆነ ብዙ እጅ ገብቶበታል። ከዚያ ተከፍቶ ይደመጣል። ከሁሉም በላይ ግን የማልሽረው አንድ ሕግ አለኝ። ዕቃው ከሠራ በኋላ ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ እንደገና ይከፈታል። አንዳንዱ ሻጭ ገዢው ከመድረሱ በፊት ማሽኑን አሙቆ ይጠብቃልና ነው። ሲሞቅ የሚታዘዝ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያምፅ ስንት ዕቃ አለ!

ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ የአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ወርቅ ድጓ ያስተማሩ የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪ ዜማውን ተቀብሎ ወዲያው አሳምሮ ቢያዜመው አይደሰቱም። «አሁን ትኩስ ነው፤ አድሮ ሲቀዘቅዝ አምጣው» ይሉታል። በማግሥቱ በጠዋቱ ብርድ፣ ሳያስበው፣ ይጠሩትና ያስደግሙታል። ያን ጊዜ የሚወጣው ነው የተማረው። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር አልተቀመጥሁም፤ ቤታችን ግን ከጉባኤው አጠገብ ስለነበር ሁሉንም እሰማ ነበር። ይህ ሕግ አንድ ቀን ለሀርድ ዲስክ ይሠራል ብሎ ማን ይገምታል።

ከዚያ አባቴ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን አትርፈውልናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ዛሬ የሚያወጡት ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ጆሮን ወደ አፋቸው ካላስጠጉ አይሰማም። ጉባኤውን ለተማሪያቸው አስረክበው እኔ ዘንድ መጡ።

ከመታመማቸው በፊት በየበዓሉ ስሄድ ዜማቸውን በስልኬ እቀዳ ነበር። ስልኩ ሲሞላ ወደ ኮምፒውተር እያወረድሁ፣ ከስልኩ እያጠፋሁ፣ ዓመታት አለፉ። ያ ሁሉ ድምፅ ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። አባቴ ማታ ማታ ከራት በኋላ «እስኪ ክፈችልኝ» ይሉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ራሳቸውን ይሰማሉ። አንድ ቀን ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ከልክ በላይ ሆኖ መጣና ኮምፒውተሩ ጭስ ብሎ ጠፋ። ሌላው ዕቃ ይተካል። ዲስኩ ግን ትንፍሽ አልል አለ።

አባቴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከራት በኋላ እንደ ልማዳቸው «እስኪ ክፈ...» ብለው ይጀምሩና፣ ትዝ ሲላቸው እጃቸውን አውለብልበው ይተውታል። ያች የእጅ ምልክት አንጀቴን ትበላው ነበር።

የማውቀው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዲስኩን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን አረንጓዴ ቦርድ አሳየኝ። ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ አለበት። «የተቃጠለው ይህ ነው። ድምፁ ያለበት ውስጡ ደኅና ሳይሆን አይቀርም። ልክ እንደዚህ ያለ ዲስክ ፈልጊ፤ ቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ይሁን። ቦርዱን ፈትቼ እዚህ እገጥመዋለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ስሚኝ። የታመመ ቦርድ ካመጣሽ ውስጡንም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እኔም አላወጣው፣ ሌላም አያወጣው።»

ስፈልግ ሰነበትሁ። በመጨረሻ በስልኬ በምከታተለው የመሸጫ ግሩፕ ላይ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከነፎቶው ወጣ፤ ዲስኩ የእኔውን ይመስላል። ሻጩ ደምበጫ ነው። ስደውል ያነሱት እናት ናቸው፤ ማስታወቂያውን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው። በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ስለሆኑ ከበር ጀምሬ እማማ አልኋቸው። አንድ ልጃቸው ኮምፒውተር ተምሮ፣ ጥቂት ሠርቶ፣ ዓለም በቃኝ ብሎ ገዳም ገብቷል። ትቶት የሄደው ኮምፒውተር በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። «አቧራ ሳራግፍ ከምኖር ለሚሠራበት ሰው ይሁን ብየ ነው» አሉኝ። የጎኑን ክዳን ፈትቼ በስልኬ መብራት ዲስኩን አየሁ። የቦርዱን ቁጥር ጠጋኙ ከሰጠኝ ፎቶ ጋር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ አመሳከርሁት። አንድ ነው! አሸተትሁት፤ ምንም የለውም። ብሎኖቹ ደኅና ናቸው። ደስ ብሎኝ ማብሪያውን ብጫነው ጸጥ። ለካ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

«ይመጣል፤ ተቀመጭ» አሉኝ እማማ። ተቀመጥሁ። ተቀምጦ ዝም የሚባልበት ቤት ደግሞ የለም። ረቡዕ ነበርና የተልባ ፍትፍት ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ «በሞቴ» ተባልሁ። እየበላሁ ስለ አባቴ አወራኋቸው፤ ስለ ድምፃቸው፣ ተማሪውን ሲቀዘቅዝ ስለሚያስደግሙት ነገር፣ ከራት በኋላ ስለሚያውለበልቡት እጅ። እማማ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ጉርሻ ጨመሩልኝ።

ያን ጉርሻ ከዋጥሁ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በእኛ አገር የሰው ማዕድ በልቶ የዚያኑ ሰው ዕቃ ማሽተት ነውር ነው። ማንም አያስተምረውም፣ ማንም ግን አይስተውም። ከነጋዴ ጋር ስሟገት የማላፍር ሴት፣ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ የባለቤቲቱን ዓይን ማየት ከበደኝ። ያመነን ሰው መጠርጠር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ኮምፒውተሩን ከፈትሁት፤ የዲስኩ ድምፅ አንድ ወጥ ነው፣ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ከፍላሼ መመርመሪያ ፕሮግራሙን ጫንሁ፤ እንከን አላገኘም። «ደኅና ነው» ስል እማማ እልል አሉ። አሁን የሚቀረው ሕጌ ነበር፤ ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ መድገም። ግን በምን አፌ? አንዴ አይታ ደኅና ነው አለች፣ ደግሞ ምን ቀራት፣ አላመነችኝም ቢሉስ? በዲስኩ ብቻ ተስማምተን ከፈልሁ፤ ፈታሁት፣ በመሐረቤ ጠቀለልሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። እኔ፣ ያች ቶማስ! የገበያ ሰዎች ቢያዩኝ ጉድ ባሉ።

በር ላይ ስንሳሳም እጄን ያዙና አልለቅ አሉ።

«ፊትሽ ላይ አንድ ነገር አለ» አሉኝ።

«ኧረ ምንም የለም፣ እማማ።»

«ቅድም ስትበይ ምን አልሽኝ? አባቴ ተማሪውን ሲቀዘቅዝ ያስደግሙታል አላልሽም? ታዲያ አንች ይህን ሳታስደግሚው ልትሄጅ ነው?»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ቢባልም፣ እንደዚያ ቀን ለመናገር የቸገረኝ ጊዜ የለም። «ቤትዎ በልቼ አፈርሁ» አልኋቸው።

«እኔን አፍረሽ የአባትሽን ድምፅ ልትቀብሪ? አረ ተይኝ! እኔ እኮ ከእናቴ ልጅም ቢሆን ቅቤ ሳላሸት አልገዛም። አውጭው! አሁን አውጭው!»

ተመልሰን ገባን። ስንጨቃጨቅ ዲስኩ ቀዝቅዞ ነበር። ሰካሁት፣ ከፈትሁት። ጭቅ። ጭቅ። ጭቅ። ኮምፒውተሩ ዲስክ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። ኬብሉን ቀየርሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ቅድም ከብዙ ቀን ዕረፍት በኋላ አንዴ ታዘዘልኝ፤ ሞቆ ሲበርድ ግን ከዳ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ይህን ቦርድ ወስጄ የአባቴ ዲስክ ላይ አስገጥሜው ቢሆንስ? በገዛ እጄ፣ በገዛ ጨዋነቴ! ተመስገን አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተስፋዬ ማለቁ ገባኝና እንባዬ መጣ።

እማማ ደነገጡ። «በልጄ ይዠሻለሁ፣ አላወቅሁም» አሉኝ። እንዳላወቁ ዓይኔ እያየ ነው፤ ቢያውቁማ መች አውጭው ይሉኝ ነበር። ይህንኑ ነገርኋቸው። ገንዘቤን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ሲመለሱ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ሌላ ሀርድ ዲስክ ነው።

«ሁለቱን ባንድ ቀን ነው የገዛቸው» አሉ። «ይችን የሚሄድ ለት ፈትቶ በእጄ ሰጠኝ። ‹እማየ፣ ፎቶየ እዚህ ውስጥ አለልሽ፤ ስናፍቅሽ ለሚያውቅ ሰው ስጭው፣ ያሳይሻል› አለኝ።»

«አይተውት ያውቃሉ?»

«ማንን ላስቸግር፣ ልጄ? ሰው ሥራ አለው።»

ለካ ይሉኝታ የያዘው እኔን ብቻ አልነበረም። እኒያን የመሰሉ ሴት፣ ቅቤ ከእናታቸው ልጅ ፊት የሚያሸቱ፣ የልጃቸውን ፊት ሳጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያሳያቸው ሰው ለመለመን ሲያፍሩ ኖረዋል።

የቦርዱን ቁጥር አየሁ፤ አንድ ነው። ሰካሁት። ሲከፈት ፎቶዎቹ ግጥም ብለው ወጡ። የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ ልጅ፤ በጥምቀት ከጓደኞቹ ጋር የቆመ ወጣት፤ እማማ ራሳቸው፣ ያኔ ፀጉራቸው ሳይሸብት፣ በአንድ ነገር አፋቸውን ይዘው ሲስቁ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። «ይችን ሹራብ እኔ ነኝ የሠራሁለት» አሉ። እኔ ቁልፉን እየተጫንሁ አሳልፋለሁ፣ እሳቸው ሲፈልጉ «ቆይ» ይሉኛል፣ እቆያለሁ።

ስንጨርስ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «በይ አሁን አጥፊው፤ ይቀዝቅዝ።»

ነፋስ በሚነፍስበት የበራፍ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው፤ ተራ በተራ እየዳበስን ጠበቅነው። ሲበርድ መልሰን ሰካነው። ያለ አንዳች ጭቅታ ተነሣ። አንድ ጊዜ ደግሞ አደረግነው፤ በዚህ ጊዜ ድገሚው ያሉት እማማ ናቸው። ዲስኩ አላሳፈረንም።

ግን እንዴት ልግዛው? ፎቶዎቹን ልገለብጥላቸው አሰብሁ፤ የያዝሁት ፍላሽ ለሩባቸውም አይበቃም። ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ እማማ ዲስኩን በሻሹ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። «አልሸጥልሽም። ውሰጅና የአባትሽን ድምፅ አውጭበት፤ ከዚያ መልሽልኝ።»

መታወቂያዬን ላስይዝ አልሁ፣ እንቢ አሉ። በስልክ ዋስ ልጥራ አልሁ፣ ሳቁብኝ። «ዋስ በሬ ሲሸጥ ነው። አንች ቀኑን ሙሉ ዕቃየን ስታይ፣ እኔ ደግሞ አንችን ሳይ ዋልሁ። እኔን አፍራ ያልተፈተሸ ዕቃ ይዛ ልትሄድ የነበረች ሴት ትሰርቀኛለች?»

ከባሕር ዳር የመጣ ሚኒባስ መንገድ ላይ አገኘሁ። ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

ጠጋኙ ቦርዱን ፈትቶ የአባቴ ዲስክ ላይ ሲገጥም አባቴም አብረውኝ ነበሩ። ቅሩ ብላቸው እንቢ ብለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከተቃጠለው ቦርድ አንዲት ትንሽ ነገር ነቅሎ አዲሱ ላይ መበየድ ነበረበት። ከዚያ ሰካው። ዲስኩ ዞረ። ጠጋኙ ከፋይሎቹ አንዱን ከፈተ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው።

አባቴ አዜሙ። ያ ደረት የሚሞላ ድምፅ፣ የልጅነቴ ጠዋት ሁሉ ያለበት፣ የጠጋኙን ጠባብ ክፍል ሞላው። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆም አሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

መቋሚያው ወለሉን ጠብ ሲያደርግ ሰማሁ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ሲስት «ቁም» የሚሉበት ነው። ጠጋኙ ደንግጦ አቆመው። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ርክርኩን ዘለለው» አሉ በሹክሹክታ፤ ርክርክ ከዜማው ምልክቶች አንዱ ነው።

«ማን፣ አባባ?»

በመቋሚያቸው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ። «ይህ ሰውየ። ከመጀመሪያው ይድገመው።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። መምህሩ ተመልሰው መጡልኝ ማለት ነው። ያን ቀን ማንን እንደማመሰግን ጠፍቶኝ ሁሉንም አመሰገንሁ፤ ፈጣሪን፣ ጠጋኙን፣ ጠፍቶ የዋለውን መብራት ሳይቀር። መብራት ቢኖር ኖሮ በጊዜ አይቼ፣ በጊዜ ገዝቼ፣ እማማን ሳላውቃቸው እሄድ ነበር።

ድምፁን በሌላ ዲስክም በፍላሽም ገለበጥሁ። የእማማን ዲስክ ጠጋኙ እንደ ነበረው መለሰልኝ፤ እኔም ፎቶዎቹን በሙሉ ቴሌቪዥናቸው ላይ በሚሰካ ፍላሽ ጫንሁላቸው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ እንዲያዩ። ደምበጫ ልወስድ ስነሣ አባቴ ከእኔ ቀድመው ጫማቸውን አድርገው ጠበቁኝ።

እማማ ዲስኩን ተቀብለው ወደ ሳጥኑ ሊያስገቡ ሲሉ ከለከልኋቸው። «ሳይፈትሹት አልሄድም» አልሁ። እየተነጫነጩ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩን ከፈትሁ፤ ሹራብ የለበሰው ልጅ ወጣ። አጠፋሁት፣ ቀዘቀዘ፣ ከፈትሁት፤ አሁንም ወጣ። «እሽ፣ በቃ፣ አመንሁ» አሉ።

ከዚያ አባቴ ሊመርቁ ተነሡ። እማማም ማዶ በሩ አጠገብ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ የሚሉት ለእኔ እንኳ፣ ከጎናቸው ለቆምሁት፣ በግድ ነው የሚሰማኝ። ልጅሽን በያለበት ይጠብቅልሽ ይላሉ። እማማ አሜን። ቤትሽን እንግዳ አይለየው ይላሉ። አሜን። ያበራሽልንን ያብራልሽ። አሜን። አንዱም ሳያመልጣቸው፣ አባቴ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር፣ ጮክ ብለው።

ጠባዬ አይተወኝምና ሲጨርሱ ጠየቅሁ። «እማማ፣ ከዚያ ሆነው ይሰማዎታል እንዴ?»

«አንድም አልሰማሁ።»

«ታዲያ አሜን የሚሉት...?»

«አንች ደግሞ!» አሉ እጃቸውን እንደ ዘረጉ። «ምርቃት ተፈትሾ ነው እንዴ አሜን የሚባለው?»

አባቴ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ያለ ድምፅ ሳቁ። እኔም አሜን አልሁ።